መጤው ክሬይፊሽና ነባሩ የወንዝ ዓሣ፤ በማስረጃዎቹ ላይ የቀረበ ትችት

አሜሪካዊው ክሬይፊሽ በገባበት ወንዝ ሁሉ ዓሣው ያልቃል የሚል ቃል ስለ መጤ እንስሳት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ይህንንም ቃል አንዱ ጸሐፊ ከሌላው እየተቀበለ ስለሚያስተላልፈው፥ ከጊዜ ብዛት ማስረጃ የማያሻው እውነት መስሏል። በሌላ ወገን ደግሞ እንስሳው ለገበያ እንዲረባ የሚፈልግ ሰው፥ በዓሣ ላይ ያደረሰው ጉዳት ገና አልተረጋገጠም ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ለክርክሩም የሚጠቅሰው ጥናት አያጣም። የዚህ ትችት ዓላማ ከሁለቱ አንዱን ለመደገፍ አይደለም፤ ሁለቱ የሚደገፉባቸው ማስረጃዎች ምን ያህል ሸክም ሊሸከሙ እንደሚችሉ መመርመር ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልግለጥ። ጥያቄው «ክሬይፊሽ ዓሣን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» ተብሎ ከቀረበ፥ ቁርጥ ያለ መልስ ሊገኝለት አይችልም። የትኛውን ዓሣ? በየትኛው ዕድሜው? ክሬይፊሹ ምን ያህል በበዛበት ስፍራ? ከእርሱ መምጣት በፊትስ በወንዙ ውስጥ ምን ነበረ? ተብሎ ሲጠየቅ ግን፥ እስካሁን ከተደረጉት ምርመራዎች የሚበቃ መልስ ይገኛል። ብዙው ክርክር የተነሣው ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ስለ ተዘነጉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የነገሩ መነሻ

ክሬይፊሽ ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚኖር፥ ከሸርጣንና ከሎብስተር ወገን የሚቆጠር፥ ቅርፊት ለባሽ እንስሳ ነው። ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር ወይም በወንዝ ዳር በቆፈረው ጉድጓድ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ቅጠል፥ ቀንድ አውጣ፥ የነፍሳት እጭ፥ የሞተ ሥጋ፥ ካገኘም የዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት ይበላል። እዚህ የምንነጋገርበት ሲግናል ክሬይፊሽ የተባለው ሲሆን፥ የትውልድ አገሩ ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ነው። ስሙን ያገኘው በመቆንጠጫው መጋጠሚያ ላይ ካለው ነጭ ምልክት የተነሣ ነው።

ይህ እንስሳ ወደ አውሮፓ የሄደው በስሕተት አይደለም፤ ታስቦበት ተወስዶ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የክሬይፊሽ ወረርሽኝ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ በሽታ በኢጣሊያ በኩል ወደ አውሮፓ ገብቶ፥ ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ ነባሩን ክሬይፊሽ ፈጀው። በ1907 ስዊድን ደረሰ። ስዊድናውያን በነሐሴ ወር ክሬይፊሽ ቀቅሎ በማኅበር መብላትን እንደ ትልቅ በዓል የሚቆጥሩ ሕዝብ ስለ ሆኑ፥ የጠፋውን የሚተካ ሌላ ዘር ፈለጉ። በሽታውን የሚችለው የአሜሪካው ሲግናል ክሬይፊሽ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ከ1960 ጀምሮ አስመጥተው በውሆቻቸው ውስጥ ለቀቁት። ከስዊድን ደግሞ በ1976 ለእርባታ ተብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ።

ነገር ግን ሲግናል ክሬይፊሽ በሽታውን የሚችለው ተሸክሞት የሚኖር ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በደረሰበት ሁሉ ከወረርሽኙ የተረፈውን ነባር ዘር በዚያው በሽታ ያጠፋው ጀመር። በብሪታንያ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ1981 ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከእርባታ ገንዳዎቹም እየወጣ በወንዞቹ ውስጥ ተሠራጨ፤ በ1995 በስኮትላንድ መገኘቱ ተረጋገጠ። የእንግሊዝ ሕግ በ1992 ይህን ክሬይፊሽ ወደ ተፈጥሮ ውሃ መልቀቅ ከተከለከሉት እንስሳት ጋራ ሲቆጥረው፥ እንስሳው ከገባ 16 ዓመት ሆኖት ነበር።

መጤው ነባሩን ክሬይፊሽ ማጥፋቱ የማያከራክር ነው፤ በሽታው ታውቋል፥ መንገዱም ታውቋል። የሚያከራክረው የዓሣው ነገር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ላይ ነው፤ ስለ ነባሩ ክሬይፊሽ የተገኘውን እርግጠኝነት ሳያስቡት ወደ ዓሣው ያዛውሩታል።

በገንዳ ውስጥ የታየው

ስለ ዓሣው ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጓንና ዋይልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ያወጡት ጽሑፍ ነው። እነርሱ የመረመሩት ግሬት ኡዝ በተባለው፥ በእንግሊዝ ሜዳማ አገር በሚፈሰው ወንዝ ውስጥ የሚኖሩትን ሁለት ትንንሽ ዓሦች፥ ቡልሄድንና ስቶን ሎችን ነው። ሁለቱም ከውሃው ወለል ተጣብቀው የሚኖሩ፥ እንደ ክሬይፊሹ ሁሉ በድንጋይ ሥር የሚጠጉ ዓሦች ናቸው። የቡልሄድ ወንዱ እንቢ ብሎ የሚጠብቀው ዕንቁላል ራሱ የሚጣበቀው በድንጋይ ሥር ነው።

ሥራው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛ፥ በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ ዓሦቹንና ክሬይፊሹን ከጥቂት መጠለያ ጋራ አንድ ላይ አኖሯቸው፤ ክሬይፊሹም ዓሦቹን ከመጠለያቸው እያስወጣ ራሱ ያዘው። ሁለተኛ፥ በወንዙ ውስጥ ሲቆጥሩ ክሬይፊሽ በበዛበት ስፍራ እነዚህ ዓሦች አንሰው፥ ክሬይፊሽ ባነሰበት ስፍራ በዝተው ተገኙ።

ስኮትላንድ ውስጥም ግሪፊትስና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት፥ የሳልሞን ግልገሎች በክረምት ብርድ ጊዜ ከክሬይፊሽ ጋራ ስለ መጠለያ ሲወዳደሩ ዓሦቹ ተሸናፊዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለ የሳልሞን ግልገል ቀን ቀን በድንጋይ ሥር ካልተሸሸገ ለወፍና ለትልልቅ ዓሦች ይጋለጣል።

እንግዲህ የገንዳው ሙከራ ያስረዳው ምንድን ነው? ክሬይፊሹ ዓሣውን ከመጠለያው ማስወጣት እንደሚችል አስረድቷል። በወንዙ ውስጥ የዓሣው ብዛት በዚህ ምክንያት እንደ ቀነሰ ግን ገንዳው ሊመሰክር አይችልም። በገንዳ ውስጥ መጠለያው የሚቈጠረው በተመራማሪው ፈቃድ ነው፤ ሁለት ድንጋይ አኑሮ አራት እንስሳ ከጨመረ፥ ሁለቱ ደጅ ማደራቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። በወንዝ ውስጥ ግን ድንጋዩ እጅግ ብዙ የሆነበት ስፍራ አለ፤ ከስፍራው የተባረረ ዓሣም ወደ ሌላ መሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በጽሑፉ ውስጥ የገንዳውን ውጤት ጠቅሶ «ስለዚህ በወንዙ ዓሣ ጠፋ» ቢል፥ ከመቻል ወደ መሆን ያለ ድልድይ ተሻግሯል ማለት ነው።

ለእነ ጓን የሚገባቸውን ምስጋና አልነፍግም፤ ገንዳውን ብቻ ይዘው አልቀሩም፥ ወደ ወንዙም ወርደው ቆጥረዋል። ይሁን እንጂ የወንዙ ቆጠራ የራሱ ችግር አለው። አንዱ ሲበዛ ሌላው የሚያንስ ከሆነ፥ አንዱ ሌላውን አባረረው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ልዩ ልዩ ስፍራ ስለሚመርጡ ነው ማለትም ይቻላል። ክሬይፊሽ ከመግባቱ በፊት የተቆጠረ ቁጥር ከሌለ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። ገንዳውና ወንዙ አንድ ላይ ሲታዩ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት በከፊል ይሞላል፤ ገንዳው መንገዱን ያሳያል፥ ወንዙ ደግሞ ውጤቱን። የጽሑፉ ጥንካሬ ያለው በዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ጠቃሾች የሚጥሉትም ይህንኑ ነው።

ስለ ዕንቁላሉም እንዲሁ ነው። ክሬይፊሽ የዓሣ ዕንቁላል ፊት ለፊቱ ቢቀርብለት ይበላል። ነገር ግን ሳልሞንና ትራውት ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠር ውስጥ ቆፍረው ነው፤ የሚጥሉትም በመጸውና በክረምት፥ ውሃው ቀዝቅዞ ክሬይፊሹ በሚፈዝበት ወራት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ዕንቁላል ይበላልን? የሚል ሳይሆን፥ በጠጠሩ ውስጥ በዚያ ብርድ ይደርስበታልን? የሚል መሆን አለበት። ጫጩቱ ከጠጠሩ የሚወጣበት የጸደይ ወራት ግን ውሃው የሚሞቅበትና ክሬይፊሹ የሚነቃበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ከዕንቁላሉ ይልቅ ለጫጩቱ የሚያሰጋ ይመስላል። በግልጥ ሳሕን የቀረበን ዕንቁላል በመብላቱ ብቻ የሳልሞን ዘር አለቀ ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው።

ከስዊድን የመጣው መልስ

የዓሣው ጉዳት አልተረጋገጠም የሚል ሰው ሊጠቅሰው የሚችል ከባድ ምስክር በ2007 ዴገርማንና ባልደረቦቹ ያወጡት የስዊድን ጥናት ነው። ስድሳ ያህል ትንንሽ ወንዞችን መርምረው፥ ክሬይፊሽ በሌለባቸው፥ ነባሩ ባለባቸውና መጤው ባለባቸው መካከል በዓሣው ብዛት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ከዚያ በፊት ስቴንሮትና ኒስትሮም በ2003 በስዊድን ወንዝ ውስጥ በታጠረ ስፍራ ሙከራ አድርገው፥ መጤው ክሬይፊሽ ቀንድ አውጣንና ሌሎች ትንንሽ እንስሳትን ሲቀንስ በትራውት እድገትና ሕይወት ላይ ጉዳት ማድረሱን አላዩም።

አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ጥናት ከነጭራሹ ይዘለዋል፤ ሌላው ደግሞ እርሱን ብቻ ይዞ ነገሩ አበቃ ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ስለ ሆነ መዘለል አይገባውም፤ ነገር ግን የጠየቀው ጥያቄ ከእንግሊዙ ልዩ ነው። በሦስት ነገር ይለያል።

አንደኛ፥ የስዊድን ወንዞች ወረርሽኙ እስኪያጠፋው ድረስ ኖብል ክሬይፊሽ የተባለ ትልቅ ነባር ዘር የነበረባቸው ናቸው። ዓሦቹ ከክሬይፊሽ ጋራ መኖርን ያውቁ ነበር። ክሬይፊሽ ከቶ ባልነበረበት ወይም ትንሹና ለዘብ ያለው ነባር ዘር ብቻ በነበረበት ወንዝ፥ የመጤው መምጣት ልዩ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ቡብና ባልደረቦቹ በ2009 ቡልሄድ በነባሩና በመጤው ክሬይፊሽ ፊት መጠለያውን እንዴት እንደሚጠቀም ለየብቻ መመርመራቸው፥ ጥያቄውን ትክክለኛ ስፍራው ላይ ያቆመ ነው። «ክሬይፊሽ መኖሩ» እና «ይህ ክሬይፊሽ በዚያኛው ፋንታ መኖሩ» አንድ አይደሉምና።

ሁለተኛ፥ በወንዝ ውስጥ ክሬይፊሽ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ብቻ መመደብ፥ ብዛቱን መሰወር ነው። አንድ ክሬይፊሽ በካሬ ሜትር ያለበት ወንዝና ሃምሳ ያለበት ወንዝ በዚህ አመዳደብ እኩል ይሆናሉ። መጤው በገባበት ወንዝ ለብዙ ዓመት በጥቂቱ ኖሮ በኋላ ድንገት ሊበዛ ይችላልና፥ በጥቂትነቱ ጊዜ የተደረገ ቆጠራ ስለ ብዛቱ ጊዜ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፥ በመካከላቸው ያለው ጠላትነት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ትራውት፥ ፐርች፥ ፓይክና ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ የክሬይፊሽ ግልገል ይበላሉ። ትልልቅ ዓሣ በሞላበት ውሃ ክሬይፊሹ ሊገታ ይችላል፤ ትንንሽ ዓሣ ብቻ ባለበት የወንዝ ራስ ግን የሚገታው የለም። ከ1980 ገደማ ጀምሮ የአውሮፓ ኢል እጅግ መመናመኑን ያስታወሰ ሰው፥ ክሬይፊሹ በእንግሊዝ ወንዞች የተስፋፋው አንዱ ጠላቱ በሚጠፋበት ዘመን መሆኑን ይገነዘባል። ይህን የምለው ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ለማለት ሳይሆን፥ የዓሣውን መቀነስ ሁሉ በአንድ እንስሳ ላይ ማሳበብ እንዴት አደገኛ እንደ ሆነ ለማመልከት ነው። ፍሳሽ የሚለቀቅበት፥ ውሃው የሚጠለፍበት፥ ግድብ የቆመበት ወንዝ ዓሣው ሲያልቅ ክሬይፊሹን መክሰስ ለባለ ፋብሪካውም ለገበሬውም የሚመች ነገር ነው።

ስለዚህ የስዊድኑ ጥናት የእንግሊዙን አያፈርሰውም፤ ወሰኑን ግን ያሳየዋል። የሁለቱ ድምር «በአንዳንድ ወንዝ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል፥ በአንዳንዱ አይታይም» የሚል ነው። ከዚህ የሚቀጥለው የምርምር ሥራ ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደ ሆነ መፈለግ ነው።

ከወንዝ ራስ የተገኘው ማስረጃ

ይህን የፈለጉ አሉ። ፒይና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጽሑፍ ቡክሂል ጊል ቤክ በምትባል የዮርክሻየር የወንዝ ራስ ላይ የተሠራ ነው። ይህች ጅረት ክሬይፊሽ እጅግ የበዛባት ስትሆን፥ ክሬይፊሽ ካልደረሰበት የአካባቢው ውሃ ጋራ ስትነጻጸር የትራውት ግልገሎች ቁጥር አንሶባት ተገኘ። የጽሑፉ ርእስ ስለ አዲስ ትውልድ መተካት የሚናገር መሆኑ ልብ ይባል፤ ስለ ትልልቁ ዓሣ አይደለም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ትልቅ ትራውት ይዞ «እነሆ ዓሣው አለ» ቢል፥ ለዚህ ጥናት መልስ አልሰጠም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ሰው አለበት፤ ነገር ግን የሚተካ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ጋሊብ፥ ፊንድሌይና ሉካስ በ2021 ያወጡት ሥራ ነው። እነርሱ በሰሜን እንግሊዝ በሚገኙ ደጋማ ጅረቶች ውስጥ፥ ክሬይፊሽ የገባባቸውንና ያልገባባቸውን፥ ከመግባቱ በፊት የነበረውንና ከገባ በኋላ ያለውን ሁኔታ አንድ ላይ አነጻጸሩ። ውጤቱም በወለል የሚኖሩ ዓሦችና ዓሣ የሚመገባቸው ትንንሽ እንስሳት ክሬይፊሽ በገባባቸው ጅረቶች በኃይል መቀነሳቸውን የሚያሳይ ሆነ። ይህ ከላይ ለእነ ጓን ጽሑፍ ጎደለ ያልነውን ይሞላል፤ የቀድሞ ቁጥር አለው፥ ማነጻጸሪያም አለው። በአንድ አካባቢ የዓሣ ብዛት በድርቅ ወይም በጎርፍ ቢለዋወጥ፥ ክሬይፊሽ የሌለበት ጅረትም አብሮ ይለዋወጣልና ሁለቱን ለመለየት ይቻላል።

ጉዳቱ በመብላትና በማባረር ብቻ የሚደርስ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ኔን በተባለው የእንግሊዝ ወንዝ ገባር ላይ የውሃውን ድፍርስነት ሌት ከቀን የለኩ ተመራማሪዎች፥ ዝናብ ሳይዘንብ ውሃው ሌሊት ሌሊት እንደሚደፈርስ አስተውለዋል፤ ክሬይፊሹ ሌሊት ወጥቶ ወለሉን ስለሚያተራምሰውና የወንዙን ዳር ስለሚቆፍረው ነው። የተነሣው ደለል ተመልሶ ጠጠሩን ከደፈነ፥ ዕንቁላሉን ክሬይፊሹ ባይነካውም እንኳ አየር ሊያጣ ይችላል። ስለ ዓሣ ጉዳት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አፍና መቆንጠጫን ብቻ ስለሚያይ፥ ይህን ቀስ ያለ መንገድ ይዘነጋዋል።

ስለ ወጥመዱ

እስካሁን የዓሣውን ቆጠራ ተመልክተናል፤ የክሬይፊሹ ቆጠራስ እንዴት ነው? የትችቴ ዋና ነጥብ ከዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የተነገረው ሁሉ «የበዛበት» እና «ያነሰበት» በሚሉ ቃላት ላይ የቆመ ነው።

ለረጅም ዘመን ክሬይፊሽ የሚቆጠረው ሥጋ ወይም ዓሣ በተደረገበት ወጥመድ ነበር። ወጥመዱ ደግሞ በባሕርዩ አድሏዊ ነው። ትልልቁን፥ ከትልልቁም ይልቁን ደፋሩን ወንድ ይይዛል፤ ትንንሹ በቀዳዳው ይወጣል፥ ወይም ትልቁን ፈርቶ አይገባም። በ2021 ቻድዊክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፥ በዚያችው በዮርክሻየር ጅረት የተወሰኑ ስፍራዎችን ከልለው ውሃውን ደጋግመው አንጠፈጠፉና ያገኙትን ክሬይፊሽ ሁሉ በእጅ ለቀሙ። በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 110 የሚደርስ ክሬይፊሽ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ በተለመደው ወጥመድ ለመያዝ የሚበቃ መጠን ያለው ከመቶ 2.3 ብቻ ነበር።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ላሰበው ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛው የምርምር ነው። በወጥመድ ተቆጥሮ «ክሬይፊሽ ጥቂት ነው፥ ዓሣውም ደኅና ነው» የተባለበት ወንዝ፥ ወይም «ክሬይፊሽ ብዙ ነው፥ ዓሣውም አንሷል» የተባለበት ወንዝ፥ ሁለቱም የተመዘኑት የሚበዛውን ክፍል በማያይ ሚዛን ነው። የቀድሞ ጥናቶች ሁሉ ይጣሉ አልልም፤ በወጥመድ ቁጥር ላይ ብቻ የቆመውን ድምዳሜ ግን በሁለቱም ወገን ሸክሙን ልናቀልለት ይገባል።

ሁለተኛው የሕዝብ ጉዳይ ነው። በብሪታንያ በጋዜጣውም በምግብ ቤቱም «እናጥምደው፥ እንብላው፥ ዓሣውን እናድን» የሚል ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ምክሩ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመቶ ሁለቱን ለቅሞ ዘጠና ስምንቱን የሚተው ዘመቻ ዓሣውን አያድንም። ከዚያም በላይ ትልልቁ ክሬይፊሽ ትንሹን የሚበላ ስለ ሆነ፥ ትልልቁን ብቻ ማውጣት ለትንሹ ዕድሜ መጨመር ሊሆን ይችላል። ወጥመዱና መረቡ ሳይደርቅ ከወንዝ ወደ ወንዝ ሲዘዋወርም በሽታውን ያዛምታል። ለገበያ ዋጋ የተሰጠው እንስሳ ደግሞ እንዲጠፋ የሚፈልገው ሰው ይቀንሳል፤ ይልቁንም በድብቅ ወደ አዲስ ውሃ የሚወስደው ሰው ይበዛል። እንስሳው መጀመሪያ የመጣው በምግብነቱ መሆኑን የረሳ ምክር ነው።

እንግዲህ የቆጠራ ስሕተት በመጽሔት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ወጥመዱን አምኖ የጻፈ ተመራማሪ ሳያውቀው ለማይጠቅም መድኃኒት ምስክር ይሆናል።

ስለ ቅርቡ ምሳሌ

ስለ አፍሪካ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ነው። በመሠረቱ በአፍሪካ ምድር፥ ማዳጋስካርን ሳይጨምር፥ ነባር ክሬይፊሽ የለም። ሉዊዚያና ከሚባለው የአሜሪካ ክፍል ስሙን ያገኘው ቀዩ ክሬይፊሽ በ1970 ናይቫሻ ገባ፤ የሐይቁንም የውሃ ተክል እጅግ እንደ ጎዳ ይነገራል። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ለነባር ዓሣ ጉዳት የሚጠቅስ ሰው ይጠንቀቅ። ናይቫሻ ሐይቅ እንጂ ወንዝ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ክሬይፊሹ ሲመጣ በሐይቁ የነበሩት ዓሦች ራሳቸው አብዛኛዎቹ ከሌላ የመጡ ነበሩ። የሐይቁ ነባር የነበረችው ትንሽ ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1962፥ ማለት ክሬይፊሹ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። ቅርብ የሆነ ምሳሌ ሁሉ ተስማሚ ምሳሌ አይደለም።

ለእኛ አገር የሚጠቅመው ትምህርት ከናይቫሻ ይልቅ ከዮርክሻየሯ ጅረት የሚገኘው ነው። ባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ የሚራቡ ናቸው። በጠጠር ላይ የሚራባ ዓሣ፥ ክሬይፊሽን ከቶ አይቶ የማያውቅ ዓሣ፥ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ዓሣ፤ ከላይ የተነገሩት የጉዳት ምክንያቶች ሁሉ የሚገናኙበት ስፍራ ይህ ነው። አንድ ቀን አንድ ባለ ሀብት ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ክሬይፊሽ አስመጥቶ በገንዳ ለማርባት ቢያስብ፥ «ጉዳቱ አልተረጋገጠም» የሚለው የስዊድን ጥናት በእጁ ይኖራል። መልሱን ከአሁኑ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተመረመሩት ማስረጃዎች ሲደመሩ፥ ለመናገር የሚያስደፍሩት ይህን ያህል ነው። መጤው ሲግናል ክሬይፊሽ እጅግ በበዛበት ትንሽ ወንዝ፥ በወለል የሚኖሩ ዓሦችና የትራውት ግልገሎች ይቀንሳሉ። በጥቂቱ ባለበት፥ ቀድሞም ክሬይፊሽ በነበረበት ወይም ትልልቅ ዓሣ በሚገታው ወንዝ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ትልቁን ዓሣ አይቶ ስለ ትንሹ መፍረድ፥ ገንዳውን አይቶ ስለ ወንዙ መፍረድ፥ ወጥመዱን አይቶ ስለ ብዛቱ መፍረድ ግን ሦስቱም ስሕተት ናቸው።

አንድ አንባቢ፥ እንዲህ ማስረጃውን እየነቀፍክ ለአስመጪዎቹ በር አትከፍትምን? ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አይመስለኝም። የማስረጃው ሸክም ከማስመጣት በፊትና ከማስመጣት በኋላ አንድ አይደለም። እንስሳው በወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ፥ ዓሣውን የጎዳው እርሱ ነው የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት፤ ያለዚያ በሐሰት ክስ ሌላው ጥፋተኛ ያመልጣል። ከመግባቱ በፊት ግን ማስረዳት ያለበት አስመጪው ነው። በእንግሊዝ አገር ይህ ተገልብጦ ስለ ነበረ፥ እንስሳው በ1976 ገባ፤ ስለ ዓሣው የሚያሳምነው ጥናት ግን በ2021 ወጣ። በመካከሉ 45 ዓመት አለ። ማስረጃው ፍጹም እስኪሆን ድረስ መጠበቅም ራሱ አንድ ውሳኔ ነው፤ አንዴ ከወንዝ የገባን ክሬይፊሽ ጨርሶ ማውጣት የሚቻልበት ዘዴ ከትንሽ ኩሬ በቀር እስካሁን አልተገኘምና።

ስለዚህ ወደ ፊት በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፉ ባልንጀሮቼ፥ የጠቀሱት ጥናት ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደ መለሰ፥ የትኛውንም እንዳልመለሰ በጽሑፋቸው እንዲያመለክቱ እለምናለሁ። የነገሩም ፍሬ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ነው፤ ቅጠሉን ለማምጣት ግን እሳቱ የት የት እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።